የጠፋው የሩፋኤል ዝናብ

በእኛ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው ልክ ሰማዩ ሥራ ሲጀምር ነው። ሰኔ ላይ ፈተና ይታረማል፣ ካርድ ይሰጣል፣ ተማሪው «ደህና ክረሙ» ተባብሎ ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ደመናው ከፉሪ ተራራ በላይ ተሰብስቦ እንደ ልቡ ይሆናል። ስለ አየር ሁኔታ የሚያስተምረው ምዕራፍ ደግሞ እኛ ጋ የሚደርሰው ኅዳር ላይ ነው። ልጆቹ ደብተራቸውን ዘርግተው ሰኞ ፀሐይ፣ ማክሰኞ ፀሐይ፣ ረቡዕ ፀሐይ ይስላሉ። ቢጫው ከለር ያልቃል፤ ግራጫው ጫፉ ሳይነካ ዓመቱ ያልፋል።

ይህ ነገር ከመምህራኑ ሁሉ እንቅልፍ የነሳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ትሩፋትን። የአራተኛ ክፍል ሳይንስ መምህርት ናት። እኔ ገሠሠ እባላለሁ፣ ከጎኗ ባለው ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ እኔ ማካፈል ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ ደመና ይማራሉ። ስንት ጊዜ ግድግዳውን በቡጢ እንደደበደብኩት እግዜር ይወቀው። አንድም ቀን ድምፅዋን ቀንሳ አታውቅም።

ከመራቤቴ የመጣች፣ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን እስከ አስፋልቱ የሚሰማ ሴት ናት። ላፍቶ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ አንጋጣ ደመና ስታይ ተራዋ ያልፋታል፤ ከኋላዋ ያለው ሰው ሲቆጣ «ኧረ ቀና በል፣ እየው እንዴት እንደሚሄድ!» ብላ እሱንም ታስቀረዋለች። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ሰው ሳያስበው «ዛሬ ይበርዳል» ያለ እንደሆነ፣ «ከትናንት ይልቅ ነው ከሰኞ ይልቅ?» ብላ ትይዘዋለች። ስለዚህ እሷ ባለችበት ስለ ብርድ የሚያወራ ሰው የለም። በጋቢ ተጠቅልለን ዝም ነው።

ታዲያ ይህቺ ሴት አንድ ዓመት ተነሥታ ትምህርቱን ወደ ክረምት አዞረችው። ወላጆችን ሰብስባ፣ ለምና፣ ከልጆቹ ፈቃደኞቹን መረጠች። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተረኛው ልጅ ይመጣል፣ ደመናውን ያያል፣ እንጨት ላይ የታሰረውን ጨርቅ አይቶ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል፣ ከዚያ በሜዳው ላይ በተተከለው ጠርሙስ ውስጥ የተጠራቀመውን ዝናብ በማስመሪያ ለክቶ ይደፋዋል፣ ቁጥሩንም የክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ይጽፋል። ጠርሙሱ አንገቱ ተቆርጦ የተገለበጠበት ሃይላንድ ነው። ሕጉ ደግሞ አጭር ነው፤ ያላየኸውን አትጻፍ፣ ያመለጠህን ቀን ከራስህ አትሙላ።

የመጀመሪያውን ክረምት ቆራሌ በላው። ጠርሙሱ ያኔ ከአጥሩ ውጭ ነበር፤ ሰውዬው ባዶ ሃይላንድ አገኘሁ ብሎ ከነዝናቡ ማዳበሪያው ውስጥ ከተተው። ሁለተኛው ክረምት የተሻለ ነበር፤ ግን በፍልሰታ ተረኛው ልጅ ከአያቱ ጋር ሱባኤ ገብቶ ኖሯል፣ ማንም ሳይተካው ሳምንት አለፈ። ትሩፋት ያን ጊዜ መምህራን ማረፊያ ስትገባ ሰው ሞቶባት የመጣች ነበር የምትመስለው። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ርዕሰ መምህራችን አቶ መዝገቡ ለሻይ ክበብ የሚሆን ኮንቴነር ከአንድ በጎ አድራጊ አግኝተዋል። ማስቀመጫ ሲያማርጡ ዓይናቸው ያረፈው ጠርሙሱ በተተከለበት ሜዳ ላይ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ጣሪያ አይጠጋው። ትሩፋት ደግሞ ያንን ቦታ የመረጠችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዝናብ የሚለካው ሰማዩ በግልጽ በሚታይበት ቦታ ብቻ ነው። ቢሮ ገብታ ተከራከረች። በኮሪደሩ ያለፈ ሁሉ ሰምቷታል።

«እንግዲህ ትሩፋት» አሉ አቶ መዝገቡ በመጨረሻ፣ «አንድ ክረምት ሳይበሳ አሳዪኝ። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን አንድ ቀን ሳይጎድል። ካሳየሽኝ ቦታው የልጆቹ ነው። አንድ ቀን ከተበሳ ግን መስከረም ላይ ኮንቴነሩ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶ የለም።» ከዚያ ሳቅ ብለው ጨመሩ፤ «ደግሞስ ይህቺ ጠባብ ጠርሙስ የስንቱን ሰፈር ዝናብ ነው የምትለካው? በርሜል ቢሆን እንኳ እሺ!»

ሰውዬው ክፉ አይደሉም። በእጃቸው ያልነኩትን ነገር ስለማያምኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ልጆቹም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር ነበሩ። ትሩፋት «ሰፊም ሆነ ጠባብ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ዕቃ ከሆነ የውሃው ከፍታ እኩል ነው» ስትላቸው ኑረዲን የሚባለው ተጠራጣሪ ልጅ «በርሜል ውስጥ ግን ብዙ ዝናብ ይገባል፣ ቲቸር» ብሎ ሽንጡን ይዞ ይሟገታታል። እኔም ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረድቼዋለሁ። «እሺ» አለኝ፤ ፊቱ ግን እሺ አላለም።

ስለዚህ ክረምቱ ገባ፤ ጠርሙሱ ከአጥር ውስጥ፣ በጥበቃው በጋሽ ለታ ዓይን ሥር ሆነ። ጋሽ ለታ ትምህርት ቤቱ ሳይሠራ በፊት እዚሁ መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ጠርሙሷን እንደ አደራ ነው የያዟት። ወፍ አያስጠጓትም። ልጆቹም ፌስታል ጭንቅላታቸው ላይ አጥልቀው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ይመጣሉ። በረዶ የወረደ ቀንማ ተረኛም ያልሆኑት መጥተው ግቢው ሠርግ ሆኖ ዋለ!

እኔ ዝናብ አልወድም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ጣሪያችን ያፈሳል፣ ሰው ዝናብን የሚወድ ከሆነ ቤቴ መጥቶ ይደር። ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነሐሴ ላይ ራሴን ያገኘሁት ትሩፋት ጋ እየደወልኩ «ስንት ሆነ?» ስል ነው። ለክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ስመጣም መጀመሪያ የምሄደው ወደ ጠርሙሷ ነው። ፍልሰታ አለፈ፤ አልተበሳም። ነሐሴ አለቀ፤ አልተበሳም። ጳጉሜን ገባች።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። ዕለቱን የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ በሩፋኤል ቀን የሚዘንበው ዝናብ ለሰፈራችን ሰው ጠበል ነው። በዋዜማው ማታ ድስቱ፣ ሳፋው፣ ባልዲው ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል። ሲዘንብ ልጅ አዋቂ ሳይባል ውጭ ወጥቶ ይታጠባል። ዘንድሮም ዋዜማውን ሙሉ ቀን ፀሐይ ውሎ፣ ንጋት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ምን ዓይነት ዝናብ! ጀሞ ላይ ሆኜ ልጆች ከታች ሲጮኹ እሰማ ነበር። ቤቴ እያፈሰሰ እኔ «ዛሬ ጠርሙሷ ጉድ ታያለች!» እያልኩ ጫማዬን አሠርኩ።

ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። የዕለቱ ተረኛ ሌንሳ ናት፤ ጸጉሯ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። በዕድሜዋ ትንሽ፣ በሥራዋ ግን የጉምሩክ ሠራተኛ የምታክል ልጅ ናት፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጠርሙሱን የሚነካ ወዮለት። ኑረዲንና ሌሎቹም ከበዋታል። ትሩፋት በደስታ እጇን ታፋትጋለች። ሌንሳ ማስመሪያዋን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ባዶ ነው።»

«እንዴት ባዶ?»

«ባዶ ነው። ምንም የለውም።»

ትሩፋት ተንበረከከች። ጠርሙሱን አንሥታ ወደ ፀሐይ ያዘችው፤ የተሰነጠቀ ነገር የለም። ጋሽ ለታ ከበሩ በኩል ደስ ብሏቸው መጡ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት ልጄ፣ አትፈልጊ» አሉ።

«ምኑን?»

«ውሃውን ነዋ! ልጄ ሸጊቱን ሌሊቱን ምጥ ይዟት አደረ። ሩፋኤል ማኅፀን ይፈታል ይላሉ። ከጣሪያ የወረደ አልሰጣት፣ ዝገት ነው። ባልዲው ውስጥ ልጆቹ እጃቸውን ከተቱበት። ከዚህች ጠርሙስ የጸዳ ውሃ የት አለ? ጣሪያ አልነካው፣ እጅ አልገባበት፣ እኔው ራሴ የጠበቅኩት። ጠጣች፣ የቀረውን ሆዷ ላይ ቀባናት።»

«ጋሽ ለታ… ሳንለካው?»

«እናንተስ በየቀኑ ትደፉት የለም እንዴ?» አሉ ሰውዬው ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። ከዚያ የሁላችንንም ፊት አዩና ነገሩ ሲገባቸው ድምፃቸው ተሰበረ። «መዝነቡን ጻፉ፤ እኔ እመሰክራለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ!»

ትሩፋት ስትቆጣ አውቃታለሁ፤ ግድግዳ የሚያልፍ ቁጣ ነው። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። የወጣው ግን «ሸጊቱ አሁን እንዴት ናት?» የሚል ነበር። ጤና ጣቢያ ወስደዋታል። (ልባችሁ እንዳይሰቀል፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በሰላም ተገላግላለች።) ከዚያ ትሩፋት ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሐል ነው አቶ መዝገቡ የተማሪ ምዝገባ ሊያዩ የገቡት። ነገሩን ሰሙ። አላሾፉም፤ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ ተበሳ» አሉ። «በጋሽ ለታ አልፈርድም። ግን ተበሳ። ቃል ቃል ነው፣ ትሩፋት።»

«ቃል ቃል ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

ኑረዲን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ቲቸር፣ እኛ ቤት ግን በርሜል አለ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እናቴ ለልብስ ታጠራቅማለች። ትናንት ፀሐይ ስለነበር አጥባ ጨርሳ ባዶ አድርጋዋለች። ሜዳ ላይ ነው ያለው።»

ትሩፋት እጇን ከፊቷ ላይ አነሣች። እኔን አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ከዚያ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከደረጃው ላይ ተፈናጥራ ተነሣች!

«ሰፈሩ በሙሉ ዕቃ አውጥቶ አድሯል! ገሠሠ፣ ሰፈሩ በሙሉ ዝናብ ሲለካ ነው ያደረው!» ድምፅዋ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ልጆች! ጎኑ ቀጥ ያለ ዕቃ ብቻ! አፉና መቀመጫው እኩል የሆነ! ሜዳ ላይ ያደረ፣ ከጣሪያ የራቀ፣ ማንም ያልጨለፈበት! ሩጡ፣ ሰው ሳይጠጣው!»

ሮጥን። እኔ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ጭቃ ውስጥ ሮጥኩ። አቶ መዝገቡ ከኋላ «ይሄ ጨዋታ ነው፣ ትሩፋት፣ ይሄ ጨዋታ ነው» እያሉ ይከተላሉ፤ ግን ይከተላሉ።

የኑረዲን ቤት ደርሰን እናቱ ጆግ ይዛ ወደ በርሜሉ ስትጎነበስ አገኘናት። «እማ! አትንኪው!» ብሎ ሲጮህ ደንግጣ ጆጉን ጣለችው። እባብ ያለ መስሏት ነው። ኑረዲን እስከ ወገቡ በርሜሉ ውስጥ ገብቶ ማስመሪያውን ሰደደ፤ ሲያወጣው ሌንሳ እርጥበቱ የደረሰበትን አነበበች። «ሃያ ሦስት ሚሊ!»

«በርሜል ነዋ» አሉ አቶ መዝገቡ። «ሰፊ ስለሆነ ነው።»

«እሱን ነው እኔም የምለው» አለ ኑረዲን።

ቀጥሎ ሌንሳ ቤት። ሳፋ ነበር፤ አፉ ስለሚሰፋ ትሩፋት ጣለችው። ባልዲ ነበር፤ ከጣሪያው ሥር ነው ያደረው፣ እሱም ወደቀ። ልጆቹ ራሳቸው «አይሆንም! አይሆንም!» ይላሉ። ጓሮ ስንሄድ ግን የሌንሳ ታናሽ ወንድም ለራሱ ብቻ ብሎ ያስቀመጣት የወተት ዱቄት ጣሳ አለች። የቡና ስኒ ሁለት ሦስት እጥፍ ብትሆን ነው። ኑረዲን ማስመሪያውን ከተተ። አነበበ። አወጣና እንደገና ከተተ።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ሃያ ሦስት» አለ፤ እንደ ተታለለ ሰው ዞሮ አየን። «በርሜሉም ሃያ ሦስት። ጣሳዋም ሃያ ሦስት። ቲቸር!!» ከዚያ መዝለል ጀመረ፤ ሌሎቹም አብረውት። ዓመቱን ሙሉ የተሟገተው ልጅ በአንድ ጣሳ ተረታና ከሁሉ በላይ የተደሰተው እሱ ሆነ። እኔም ዘለልኩ፤ ማን አየኝ ብዬ ነው! የትሩፋት እንባ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ ትስቃለች፣ ደግሞ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

አቶ መዝገቡ ብቻ ቆመው ጣሳዋን ያያሉ። ከዚያ «አጋጣሚ ሊሆን ይችላል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ማስመሪያውን አምጣ። አሁን እኔ ራሴ ነኝ የምለካው። ሌላ ዕቃ የት አለ?»

ሌላው ዕቃ እማማ ሸዋረገድ ግቢ ነበር። ትልቅ የብረት ድስት፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ከግቢው መካከል ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ነጠላ ተጋርዶበት። እማማ ሸዋረገድ ዝናቡ ካባራ ጀምሮ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ ማስመሪያ ይዘው ሲጠጉ ብድግ አሉ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልለካ ነው፣ እማማ።»

«በጠበል ውስጥ ማስመሪያ? አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ? ወዲያ በል!»

አቶ መዝገቡን በቢሯቸው የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያይ አያምንም። ኮታቸውን አወለቁ። ማስመሪያውን ቧንቧ ሥር በሳሙና አጠቡ፣ እጃቸውን እስከ ክርን ታጠቡ፣ ተመልሰው መጥተው ጎንበስ አሉ። «እማማ፣ እባክዎ። ጫፉን ብቻ። ጠብታ አላፈስም። ይህን ሳላይ ከሄድኩ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «ለምንድን ነው እንዲህ የሆንከው?»

«ዝናቡ ስንት እንደሆነ ላውቅ ነው።»

«እግዜር ያወረደውን?»

«እሱ ያወረደውን» አሉ አቶ መዝገቡ።

እማማ ሸዋረገድ ለስለስ አሉ። «እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ጎንበስ በል፣ ልርጭህ» ብለው ነጠላውን ገልጠው በኩባያ ሊጨልፉ ሲሉ ልጆቹም እኔም ትሩፋትም በአንድ ድምፅ ጮህን፤ «አይጨለፍ!! መጀመሪያ ይለካ!» ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ተለካ። አቶ መዝገቡ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ውሃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አነበቡ። ማስመሪያውን ለሌንሳ አሳዩአት። «ሃያ ሦስት» አለች እሷ። ወዲያው እማማ ሸዋረገድ ሙሉ ኩባያ ጭንቅላታቸው ላይ ደፉላቸው፤ እስከ ከረባታቸው ድረስ ወረደ። ሰውዬው በመሳቅ ፈንታ «ትልቁም ትንሹም እኩል» እያሉ ቆሙ፤ ውሃው ከጺማቸው ይንጠባጠባል።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ልጆቹ ይጮሃሉ። ሠንጠረዡ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ነው። ሌንሳ ወንበር ላይ ወጥታ «23» ብላ ጻፈች፤ ትሩፋት ከሥሩ «ከሰፈር ዕቃዎች የተለካ» ብላ እንድትጨምር ነገረቻት፤ ያላየነውን አልጻፍንም፣ ከራሳችንም አልሞላንም። ከዚያ ሁላችንም አቶ መዝገቡን ማየት ጀመርን፤ ተበሳ ያሉት እሳቸው ናቸውና። ትሩፋት ክንዴን ጨመቀችው።

እሳቸው ግን እኛን አላዩም። በእርጥብ ሸሚዛቸው ወደ ሠንጠረዡ ተጠግተው፣ ከየቀኑ ትይዩ የተጻፉትን የተረኞቹን ልጆች ስም በጣታቸው ወደ ታች ተከተሉ።

«ነገ የማን ተራ ነው?» አሉ።

«የኑረዲን» አለች ሌንሳ።

«ከነገ ወዲያስ?»

«እስከ እንቁጣጣሽ ሞልቷል። ቀኑ ሁሉ ተይዟል።»

«እኔ አንድ ቀን ልለካ ብል…»

«ተራ መጠበቅ ነው» አለች ሌንሳ ከወንበሩ ላይ ሆና፣ ቁልቁል እያየቻቸው። «ዘንድሮ የለም።»

አቶ መዝገቡ ትንሽ አሰቡና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ጠረጉ። «እሺ» አሉ፤ «ለሚቀጥለው ክረምት ጻፊኝ።»